ቆሽት ሲያር

አባቴን፣ ፎርማን ዩያን፣ ሲቆጣ ያየው ሰው የለም፤
ከመጋላ እስከ ከዚራ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም።
ሌላው «ቆሽቴ አረረ» ይላል፣ ውሃ ሲጠፋበት፣
ባጃጅ ጎኑን ሲጭርበት፤
የሱ ግን በዝምታ ነው ድብን ብሎ ያረረበት፣
ያለ ንዴት፣ ያለ ጠላት፣
አራት ማንኪያ በገባበት ሻይ፣ ዘይት በጠጣ ሙሸበክ፣ በሃያ ዓመት።

ውጤቱን ያነበብኩት እኔ፣
ድል ጮራ፣ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ በገዛ ዓይኔ።
ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።
ስሙን ደግሜ አየሁት፤
የሌላ ዩያ ደም ሁን ብዬ ለመንኩት።

ማታ፣ የቀኑ ሙቀት ከግድግዳው ገና ሳይወጣ፣
ሽርጡን አገልድሞ፣ እግሩን ሳፋ ውስጥ ውሃ እያጠጣ፣
ስለ ገላው ጠየቀኝ፣ ስለ ባቡር እንደሚጠይቅ፦
«የትኛው ዕቃ ነው የለቀቀው? ነግረሽኝ ልወቅ።»

አባ፣ አልኩት፣ ከጨጓራህ ጀርባ ጠባብ ወርክሾፕ አለ፣
ቆሽት ይባላል፤
ደሴት ደሴት ሠርተው የሰፈሩ፣
ከአቧራ ቅንጣት ያነሱ ሠራተኞች ይዟል።
ሥራቸው ቁልፍ መቅረጽ ነው፤
ስኳር ከደም ወጥቶ ጡንቻ ውስጥ የሚገባው
በዚያ ቁልፍ ነው፣ ኢንሱሊን በምንለው።

ስትበላ ፊሽካ ይነፋል፤ ይነሳሉ።
ስታቆም ያርፋሉ።
ሕጉ እንደናንተው ፈረቃ ነበር።
አንተ ግን ባቡሩ ከቆመ ወዲህ፣ ከእማ ጋር ምድጃ ሥር፣
ሙሸበኩን ስትጠብስ፣ ሽሮፕ ውስጥ ስትነክር፣
«እስቲ ልቅመሰው» ስትል፣ ከመጣው ደንበኛ ሁሉ ጋር ሻይ ስትጨምር፣
ከሰዓት ደግሞ ለበርጫው ለስላሳ ስትደረድር፣
ፊሽካው ዝም አላለም፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ፈረቃ አልተቀየረም።

የጡንቻው በር በጮማ ተደፈነ፤
ባንድ ቁልፍ ይከፈት የነበረው፣ አምስት የሚለምን ሆነ።
ሠራተኞቹ ትርፍ ሰዓት ገቡ፣
አበጡ፣ አላባቸው፣ ግን «እምቢ» አላሉም፤
እንዳንተው ናቸው፣ አይቆጡም።
ከዚያ ዘይቱ እነሱም ጋ ደረሰ።
«ዘይት ለማሽን መልካም ነው» ትላለህ፤ እውነትህን፣ በጠብታ፤
በበርሜል ሲደፋ ግን፣ ማርሹም ይሰምጣል በጸጥታ።
ስኳሩ ደግሞ እሳቱን ያራግባል፤
ሁለቱ ሲገናኙ ጭሱ ወደ ውስጥ ይገባል፤
ቁልፉ ተጣሞ ይወጣል፣
የተጣመመው ወለሉን ያጣብባል።

ዝም አለ። አንድ እግሩን ከሳፋው አወጣ።
«ሞቱ?» አለኝ።
አንዳንዶቹ።
ሌሎቹ ግን፣ አባ፣ ረሱ።
ቱታቸውን እንደለበሱ፣
ከማሽናቸው ፊት ቆመው፣ ማን እንደነበሩ ረሱ።

እጁን አገላብጦ አየ፣ ጫፉን ቶርኖ የበላውን ጣቱን።
«ባለፈው» አለ፣ «ወርክሾፑን ለእንግዳ ሲያስጎበኙ አብሬ ገባሁ፤
የራሴን ቶርኖ ነካሁት።
በየት በኩል እንደሚነሳ…»
አልጨረሰውም።

ካረፉ፣ አልኩት ፈጥኜ፣ በጊዜ ካረፉ፣
ሙያቸው የሚመለስላቸው አሉ።
ሁሉም አይደሉም። ግን አሉ።

ጠዋት፣ ታይዋን የሚመላለስ አንድ የባጃጅ ልጅ
ብርጭቆውን አነሳና፣
«ይሄ ስኳር አለበት?» አለ።
እማ ሻዩን ትታ አባቴን አየች።
«አለበት» አለች።

እሱ ጥጉ ላይ ተቀምጦ
ምንም ያልገባበትን ሻይ በማንኪያ ያማስላል፣ በልማድ፤
ቀስ ብሎ፣ ብርጭቆው እንዳይጮህ፣
ፊሽካ መስሏቸው
የተኙት እንዳይነሱ።